ቮልሷ ሲሞቃት አልነሳም ትላለች፣ ሲበርዳት ግን ትነሳለች፤ ባትሪም ሞተሪኖም ነካክቻለሁ፣ ምን ልይ?

ሰማያዊዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ግን ሦስት ወር ሙሉ ያንገበገበኝ ጉዳይ ስለሆነ ከነዝርዝሩ ልጻፈው።

መኪናዋ የአባቴ ቮልስ ነች። በፈረንጅ የ1970 ሞዴል፣ 1300፣ 12 ቮልት። እሱ ካረፈ በኋላ የምነዳት እኔ ነኝ፤ ሥራም የምሄደው በእሷ ነው። ሞተሯ ጤነኛ ነው። ጭስ የለም፣ ዘይት አትበላም፣ ዳገት ላይም አታሳፍርም። ጣጣዋ መነሳት ላይ ብቻ ነው።

ጠዋት ሳሪስ ግቢ ውስጥ ቁልፍ ሳዞር በአንዴ ትነሳለች። ፒያሳ ደርሼ አጥፍቻት፣ ጉዳዬን ጨርሼ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ስመለስ ግን አዞራለሁ፣ ምንም። አንዳንዴ ከኋላ አንድ "ጠቅ" ይሰማል፣ አንዳንዴ እሱም የለም። የዳሽቦርዱ መብራት ይበራል፣ የፊት መብራቱም ደማቅ ነው። አርባ ደቂቃ ቆይቼ ስመጣ ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ጭራሽ ጠዋት በብርዱ እምቢ አለችኝና ሦስተኛው ላይ ተነሳች። ስለዚህ ችግሩ ከሙቀት ብቻ ነው ለማለትም ተቸገርኩ።

እስካሁን የተደረገው ይሄ ነው። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት፣ ባትሪ ነው ተባልኩ፣ አዲስ ገዛሁ። አራት ቀን ደህና ሆነች። ተመልሼ ሄድኩ፣ አሁን ደግሞ ሞተሪኖ (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) ነው አሉኝ፤ ወረደ፣ ካርቦኑ ተቀየረ፣ ታጥቦ ተገጠመ። ሁለት ሳምንት ሠራችና እንደገና እዚያው። አሁን ደግሞ የመሪውን ቁልፍ ከነቤቱ እንቀይረው እያሉኝ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም ሰው ቴስተር ሲያስነካት አላየሁም። ያናደደኝ እሱ ነው።

እስከዚያው የማቆማት ቁልቁለት ፈልጌ ነው። ቸርችል ላይ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ፣ ትንሽ ስትንደረደር ፍሪሲዮኑን ስለቅ ወዲያው ትነሳለች። ግን ሁልጊዜ ቁልቁለት የት ይገኛል?

ጥያቄዬ፦ ሌላ ዕቃ ከመግዛቴ በፊት ራሴ ምን ምን ላይ እችላለሁ? ቴስተር አለኝ፣ ቮልት መለካት አውቃለሁ። ከዚያ በላይ ግን አይደለሁም።

ቂርቆስ_ሰፈር

እህቴ መጀመሪያ የባትሪውን ራሶች እዪ። አዲስ ባትሪ ሲገጠም አሮጌው ማሰሪያ ሳይጸዳ እላዩ ላይ ይደረጋል፣ በደንብም አይጠብቅም። ፈተሽ አድርጊና በእጅሽ ለመጠምዘዝ ሞክሪ። ከተንቀሳቀሰ ችግርሽ ግማሹ እሱ ነው። አውልቀሽ የእርሳሱ ራስ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት አጽጂው፣ የማሰሪያውን ውስጥም እንደዚሁ። አዲስ መሆኑ አያታልልሽ።

ዳዊት_ካርቡራቶር

እኔ የሚመስለኝ ቤንዚን ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ቤንዚን ቶሎ ይተናል፤ ሞተር ጠፍቶ ሲቆም ሙቀቱ ወደ ፖምፓውና ወደ ካርቡራቶሩ ይወጣና መስመሩ ውስጥ የቤንዚን ትነት ይሞላል። ሲቀዘቅዝ ትነሳለች ያልሽው ከዚህ ጋር ይገጥማል። የእኔም እንዲህ ነበረች። የቤንዚን ቱቦውን ከሞተሩ አርቄ ካሰርኩት በኋላ ተሻላት።

አሮጌው_ኤሌክትሪሺያን

ዳዊት፣ የተናገርከው እውነት ነው፣ ግን ለሌላ በሽታ ነው። ቤንዚን ሲተን ሞተሪኖው ሞተሩን ያዞረዋል፤ ሞተሩ እየዞረ ነው እሳት የማይይዘው። የልጃችን መኪና ደግሞ ጭራሽ አይዞርም። ስትገፋ ወዲያው መነሳቷ ቤንዚኑም ካንዴላውም ደህና እንደሆኑ ይመሰክራል። እነዚህን ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ብዙ ገንዘብ ያቃጥላል።

ልጄ፣ ከ30 ዓመት በላይ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠርቻለሁ፣ ከቮልስ ጋርም ብዙ ቆይቻለሁ። ቀስ ብለሽ አንብቢው።

የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር፣ በቀኝ በኩል ነው። ሞተሪኖውም ከኋላ ነው፣ በቀኝ፣ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ላይ ታስሮ። በሁለቱ መካከል ያለው ወፍራም ገመድ አጭር ስለሆነ እሱ ብዙ ጊዜ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ቀጭኑ ነው። ቁልፍ ስታዞሪ ኮረንቲው ከባትሪ ተነስቶ እስከ ዳሽቦርድ ይሄዳል፣ በቁልፉ ውስጥ ያልፋል፣ ከዚያ እንደገና መኪናውን በሙሉ አቋርጦ ወደ ኋላ ይመለስና ሞተሪኖው ላይ የተቀመጠችውን ሶሌኖይድ፣ ማለትም ሞተሪኖውን የምታስነሳውን የኤሌክትሪክ ማብሪያ፣ ይነካል። መኪናዋ 4 ሜትር ገደማ ናት፤ ደርሶ መልሱን አስቢው። በየመንገዱ ደግሞ መጋጠሚያ አለ፣ እያንዳንዱ መጋጠሚያ ከ50 ዓመት በላይ አቧራና እርጥበት ጠግቧል። እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ቮልት ይበላል።

ሶሌኖይዷ ውስጥ ሁለት ጥቅልል ሽቦ አለ። አንዱ ጎትቶ ያስገባል፣ አንዱ ይዞ ያቆያል። ጎትቶ የሚያስገባው ብዙ ኮረንቲ ይፈልጋል። አሁን ሙቀቱን ጨምሪበት። መዳብ ሲሞቅ ኮረንቲ የማሳለፍ አቅሙ ይቀንሳል፤ ከ20 ዲግሪ ወደ 80 ዲግሪ ሲወጣ የሽቦው መቋቋም ወደ አንድ አራተኛ ገደማ ይጨምራል። የሞተሪኖው ቦታ ደግሞ ከሞተሩና ከጭስ ማውጫው አጠገብ ነው። ስለዚህ በብርድ ጊዜ ለጥቂት የሚበቃው ቮልት በሙቀት ጊዜ አይበቃም። ጠዋት የምትነሳው ጤነኛ ሆና ሳይሆን ለጥቂት ስለምታልፍ ነው። አንድ ቀን በብርዱም እምቢ ያለችሽ ለዚህ ይመስለኛል፣ መስመሩ እየባሰበት ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት አንድ ነገር፦ መለካት ያለብሽ እምቢ ባለችበት ሰዓት ነው። ጤነኛ በሆነች ሰዓት የተለካ ነገር ምንም አይነግርሽም። ቴስተሩን መኪናው ውስጥ አስቀምጪው፣ ፒያሳም ብትሆን እዚያው ለኪ።

አንድ ሰው ቁልፍ ያዙርልሽ። የባትሪውን ሁለት ራስ ለኪ፣ ማሰሪያውን ሳይሆን እርሳሱን ራሱን። ቁልፍ ሳይነካ 12.6 አካባቢ ከሆነ ባትሪው ሙሉ ነው። ሞተሩ እየዞረ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል፣ ወይም ሞተሪኖው ከልክ በላይ እየጎተተ ነው። ቀጥሎ የቴስተሩን ቀይ ሞተሪኖው ላይ ቀጭኑ ሽቦ የሚሰካበት ቦታ ላይ፣ ጥቁሩን ካምቢዮው ላይ አድርጊ። ቦታዋ 50 ትባላለች፣ ወፍራሙ ብሎን 30 ነው። ቁልፍ ሲዞር 50 ላይ ስንት አነበበ? ከባትሪው ብዙ ካልራቀ ሞተሪኖው ጥፋተኛ ነው። በብዙ ካነሰ ግን ሞተሪኖውን ተይው፣ መስመሩን ያዢ።

ሦስተኛው ማሳ ነው፣ ኮረንቲው ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበት መንገድ። የቮልስ ሞተርና ካምቢዮ ጎማ ላይ ስለሚቀመጡ ከቦዲው ጋር የሚያገናኛቸው ካምቢዮው ጫፍ ላይ ያለ አንድ የተጎነጎነ የመዳብ ገመድ ነው። እሱ ከዛገ ወይም ክሮቹ ከተበጠሱ ኮረንቲው ሌላ መንገድ ይፈልጋል። በነዳጅ መስጫው ካቦ እያለፈ ካቦው እሳት ሆኖ አንድ ቀን እጄን አቃጥሎኛል፤ ባለቤቱ ካቦው ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚበጠስበት ሲጠይቅ ነበር የከረመው። ሞተሩ እየዞረ ከባትሪው ኔጌቲቭ ራስ እስከ ካምቢዮው ለኪ። ከ0.2 ወይም 0.3 ቮልት በላይ ካየሽ ማሳው መታከም አለበት።

ሌላም ነገር አለ። ሞተሪኖው ሲታደስ ካምቢዮው ውስጥ ያለችውን ቦኮላ ቀይረውልሻል? የሞተሪኖው ዘንግ ጫፍ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። ካለቀች ዘንጉ ይጋደላል፣ በተለይ ሲሞቅ ውስጡ እየታከከ ይከብደዋል። ብዙ ሰው ሞተሪኖ ይቀይርና እሷን ይረሳታል።

ወንበሩን ስታነሺ የባትሪውን ሽፋን እዪ። ከሌለ ዛሬውኑ አስገጥሚ። የወንበሩ ስፕሪንግ የባትሪውን ራስ ሲነካ እሳት ይነሳል፣ በዚህ የተቃጠለች ቮልስ በዓይኔ አይቻለሁ።

የላዳ_ልጅ

ጋሼ ያሉትን ሁሉ እቀበላለሁ። እኔ ታክሲ ላይ ስሠራ ላዳዬም እንዲህ ታደርገኝ ነበር። አንድ ዘዴ ልጨምር። እምቢ ስትልሽ አንድ ሰው ቁልፉን አዙሮ ይያዝልሽ፣ አንቺ የሞተሪኖውን ቀፎ በእንጨት ወይም በመፍቻ እጀታ ቀለል አድርገሽ ምቺው። ወዲያው ከተነሳች ካርቦኑ ወይም የሶሌኖይዱ ውስጥ ነው፤ ከተመታ በኋላም ዝም ካለች ሌላ ቦታ ፈልጊ። ግን ይሄ ለማወቅ ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም። እኔ ስድስት ወር በመምታት ብቻ ነዳሁና መጨረሻ ላይ በሌሊት ዝናብ ላይ አስቀረችኝ።

የእኔ በመጨረሻ የቁልፉ ኮንታክት ነበር። ከፍቼ ሳየው መዳቡ ጠቁሮ ጉድጓድ ሠርቷል።

ሰማያዊዋ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። የላዳ ልጅ አንተንም አመሰግናለሁ።

ሁለት ነገር። ቦኮላ ስለሚባለው ማንም አልነገረኝም፣ ስለዚህ የተቀየረ አይመስለኝም። ሁለተኛው፣ 30ን ከ50 ጋር በካቻቢቴ አገናኝተው የሚያስነሱ ሰዎች አይቻለሁ። እሱን ባደርግ አንድ ነገር ይነግረኛል? ወይስ አደጋ አለው?

አሮጌው_ኤሌክትሪሺያን

በጣም ይነግርሻል። እምቢ ባለችበት ሰዓት 30ን ከ50 ብታገናኚና ሞተሪኖው በጉልበት ቢዞር፣ ሞተሪኖው ነጻ ወጣ ማለት ነው። ጥፋቱ ቁልፉ ወይም የቀጭኑ ሽቦ መስመር ላይ ነው። ብታገናኚም ጠቅ ብቻ ካለ ግን ሞተሪኖው ወይም ማሳው ነው።

ካቻቢቴውን ግን አልመክርሽም። እሳት ይተፋል፣ ከቀፎው ጋር ከተነካካም ብረቱን ያቀልጠዋል። ሁለት ጫፉ ላይ መቆንጠጫ ያለው፣ መካከሉ ላይ የሚጫን ማብሪያ ያለበት ሽቦ ሥሪ። እሱን አስረሽ ከመኪናው ሥር ወጥተሽ ተጫኚው። ማርሿ ዜሮ መሆኑን ሁለቴ አረጋግጪ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳቢ፣ ከጎማው ፊትና ኋላ ድንጋይ አድርጊ፣ ቁልፉ ይጥፋ። ቮልስ ማርሽ ውስጥ ሆና ሞተሪኖው ከዞረ ራሷን ትሄዳለች። ሥሯ ተኝተሽ ይህን እንዳታደርጊው። ክሪክ ላይ ብቻ በቆመች መኪና ሥርም አትግቢ።

ቨርጂኒያ_ያለሁ

እኔም እዚህ አሜሪካ የ1972 ቮልስ አለችኝ፣ ለልጆቼ የማሳያት የአገር ትዝታዬ ናት፤ ጎንደር እያለን አጎቴ እንዲህ ዓይነት ነበረው። የእኔ በሐምሌ ሙቀት ልክ እንዳንቺ ታደርግ ነበር። ሪሌ (በትንሽ ኮረንቲ ትልቁን የሚያበራ ማብሪያ) አስገባሁባት፣ ከአምስት ዓመት በላይ ሆኗት አንድም ቀን አላስቸገረችኝም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ተራ የመኪና ሪሌ፣ 30 ወይም 40 አምፔር የሚችል። ቀድሞ 50 ላይ ይገባ የነበረውን ቀጭን ሽቦ ነቅለሽ ሪሌው ላይ 86 ላይ ትሰኪዋለሽ። 85 ወደ ማሳ። 30 ከሞተሪኖው ወፍራም ብሎን፣ መካከሉ ላይ ፊውዝ አድርገሽ። 87 ወደ ሞተሪኖው 50። አሁን በቁልፉ የሚያልፈው ኮረንቲ ሪሌውን ብቻ የሚያነሳ ትንሽ ነገር ነው፤ ሶሌኖይዱ የሚፈልገውን ከባትሪው አጠገብ በቀጥታ ያገኛል። የቁልፉ ኮንታክትም ዕድሜው ይረዝማል። በእኔ እምነት ማንኛውም አሮጌ ቮልስ ሊኖረው ይገባል። ሶማሌ ተራ ብትሄጂ ሪሌ አታጪም።

አሮጌው_ኤሌክትሪሺያን

ወንድሜ፣ ሪሌው ጥሩ ነገር ነው፣ እኔም ብዙ ገጥሜያለሁ። ግን መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። መስመሩ ላይ የሚሞቅ መጋጠሚያ ካለ ሪሌው ምልክቱን ይደብቀዋል እንጂ መጋጠሚያውን አያድነውም። በዚያው መስመር መብራትና ማቀጣጠያው የሚጠቀሙበት ኮረንቲም ያልፋል። ዛሬ በሪሌ ተነሳች፣ ነገ ቀለበት መንገድ ላይ መብራቷ ይጠፋል። የሚፈስ ጣራ ሥር ባልዲ እንደማስቀመጥ ነው። መጀመሪያ የሚበላው ቦታ ይገኝ፣ ይጠገን፣ ከዚያ ሪሌ ከፈለገች ታስገባ።

ቨርጂኒያ_ያለሁ

እውነት ነው ጋሼ፣ እኔ ሪሌውን ያስገባሁት ሽቦውን ሁሉ ካደስኩ በኋላ ነበር፤ እሱን መጻፍ ነበረብኝ። ሰማያዊዋ፣ የእሳቸውን ቅደም ተከተል ያዢ።

ሰማያዊዋ

ቅዳሜ ታናሽ ወንድሜን ይዤ ሄድኩ። ሆን ብለን ከሳሪስ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ፒያሳ ነዳናት፣ በደንብ ትሙቅ ብለን። ፒያሳ አጠፋኋት፣ አሥር ደቂቃ ጠበቅን። ቁልፍ አዞርኩ፣ ዝም። እምቢ ስትል ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

የለካነው ይኸው፦ ቁልፍ ሳይነካ ባትሪው 12.6። ቁልፍ ተይዞ ባትሪው 12.4፣ የሞተሪኖው ወፍራም ብሎንም ያው 12.4። 50 ላይ ግን 6.8 ብቻ! ወንድሜ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ለካው፣ ያው ነው።

ከዚያ ጋሼ እንዳሉት ድንጋይ አስደግፈን፣ ማብሪያ ያለበትን ሽቦ አስረን ተጫንነው። ሞተሪኖው በአንዴ፣ በጉልበት ዞረ። አራት ጊዜ ሞከርን፣ አራቱንም ጊዜ ዞረ። እየዞረ ባትሪው 10.6 ያሳያል። ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ ካምቢዮው ደግሞ 0.7 ነው።

ሞተሪኖው ደህና ነበር ማለት ነው። ባትሪውም። እዚያ መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ ያወጣሁትን ገንዘብ ሳስበው ዕንባዬ መጣ። ቀጥሎ ምን ላድርግ?

አሮጌው_ኤሌክትሪሺያን

ጎበዝ ልጅ። ወንድምሽንም ጎበዝ በይልኝ። ሁለት ነገር አግኝታችኋል። አንደኛው ማሳው፦ 0.7 ብዙ ነው፣ ገመዱ ይቀየር። ዋናው ግን 50 ነው። 12.4 ተነስቶ 6.8 ደረሰ፤ መንገድ ላይ 5.6 ቮልት ጠፍቷል። የት እንደጠፋ ማወቅ ቀላል ነው፣ ሽቦ ሳትቆርጪ።

ረጅም ሽቦ ፈልጊና የቴስተሩን ቀይ ጫፍ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር እሰሪው። ጥቁሩን ይዘሽ በመስመሩ ላይ ደረጃ በደረጃ ሂጂ፣ በእያንዳንዱ ቦታ ወንድምሽ ቁልፍ ያዙር። መጀመሪያ ቁልፉ ጀርባ ኮረንቲ የሚገባበት ላይ። ከዚያ ከቁልፉ የሚወጣው ላይ። ከዚያ ኋላ 50 ላይ። ቁጥሩ በድንገት የሚዘልበት ቦታ ሌባው ያለበት ነው። ሁለት ሌባ ሊኖርም ይችላል። ይህም በትኩሱ ይሁን።

ቁልፉን ግን ከአምስት ሰከንድ በላይ እንዳይዘው። ሶሌኖይዱ ሳይሠራ ኮረንቲ ሲያልፍበት ይቃጠላል።

ቂርቆስ_ሰፈር

እኔ ከዚህ ገጽ አልወጣም፣ ውጤቱን ሳልሰማ። የእኔም ቮልስ ጠዋት ጠዋት አንድ ጠቅ ማለት ጀምራለች።

ሰማያዊዋ

እሁድ ጨረስነው።

ቁልፉ መግቢያ ላይ 0.8 ጠፍቷል። ከቁልፉ መውጫ ላይ 3.9። 50 ላይ 5.6። ስለዚህ ቁልፉ ብቻውን 3.1 ይበላል፣ ከቁልፉ እስከ ሞተሪኖው ደግሞ 1.7።

መጀመሪያ በኋላው ጀመርኩ፣ ቀላል ስለመሰለኝ። ሞተሪኖው ላይ ቀጭኗ ሽቦ የምትሰካባትን ጫፍ ስነካት እጄ ላይ ወለቀች። አልጎተትኳትም። የሽቦውን ላስቲክ ትንሽ ገፍፌ ሳየው መዳቡ ውስጥ ድረስ ጥቁርና አረንጓዴ ሆኗል፣ አሥራ ምናምን ክር ይዛ የነበረች ይመስለኛል፣ ሦስት ወይም አራት ክር ናት የቀረችው። ንጹህ መዳብ እስካገኝ ወደ ኋላ ቆረጥኩ፣ ወንድሜ አዲስ ጫፍ በፒንሳ ጠብቆ ሰካላት። 1.7 የነበረው 0.3 ሆነ።

ከዚያ ቁልፉ። ባትሪውን ፈትተን ከመሪው ሥር ገባን። ጋራዡ ከነቤቱ መቀየር አለበት ያለኝ ነገር፣ ለካ ከጀርባው ያለው የኤሌክትሪክ ክፍል ብቻውን ይወጣል፣ ቁልፌም መሪ መቆለፊያውም አይነካም። የአባቴን ቁልፍ መጣል አልፈለግኩም ነበርና በጣም ደስ አለኝ። የወጣው ላስቲኩ በአንድ በኩል ተኮማትሮ ቡናማ ሆኗል፣ ሙቀት እንደበላው ያስታውቃል። ተክለሃይማኖት አንድ ሱቅ ተመሳሳዩን አገኘሁ። ማሳውንም እዚያው ገዛሁ፤ አሮጌው ሲወርድ ግማሹ ክር ተበጥሶ ተንጠልጥሎ ነበር። ገመዱ የሚያርፍባቸውን ቦታዎች ቀለሙ ሄዶ ብረቱ እስኪያበራ ፈተግናቸው።

አሁን በትኩሱ፣ ሞተሩ እየዞረ፣ 50 ላይ 9.8 አለኝ። ማሳው 0.1። ባትሪው ያው 10.6 ነው።

ትናንት ቢሾፍቱ ደርሼ ተመለስኩ፣ ደርሶ መልስ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ። በመንገድ ላይ ስምንት ጊዜ ሆን ብዬ አጠፋኋት፣ ዱከም ላይ በጠራራ ፀሐይ አሥራ አምስት ደቂቃ አቁሜ ጭምር። ስምንቱንም ጊዜ በአንድ ዙር ተነሳች። ዱከም ላይ ስትነሳ ወንድሜ መሪውን በእጁ መታ መታ ሲያደርጋት አየሁት፣ አባታችን እንደሚያደርገው።

ጋሼ፣ ምን ብዬ እንደማመሰግንዎት አላውቅም። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

አሮጌው_ኤሌክትሪሺያን

አሜን፣ አንቺንም ይባርክሽ። አባትሽንም ነፍስ ይማር። እነዚያን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጽፈሽ ከመኪናዋ ሰነድ ጋር አስቀምጪያቸው። ከዓመት በኋላ አንድ ነገር ብትቀይር የምታወዳድሪበት አለሽ ማለት ነው።

መግቢያው ላይ የቀረው 0.8 ትንሽ አይደለም። ወደ ዳሽቦርድ የሚሄደው ሽቦ መጋጠሚያዎች ናቸው፣ የመብራት ማብሪያውን ጀርባም ጨምሮ። አያስቸኩልም፣ ግን አንድ ቅዳሜ ነቅለሽ አጽጂያቸው፣ መልሰሽ ስትሰኪ ጠበቅ ማለታቸውን እዪ። እሱን ከጨረስሽ በኋላ የቨርጂኒያው ወንድማችን ያለውን ሪሌ ብታስገቢ አልቃወምም።

የላዳ_ልጅ

እንኳን ደስ አለሽ! ግን የባትሪው ሽፋን ነገርስ? ጋሼ ሲሉ ነበር፣ ምንም አልጻፍሽም።

ሰማያዊዋ

አልነበረም። ወንበሩን ሳነሳ ስፕሪንጉ ላይ የተቃጠለች ትንሽ ጥቁር ነጥብ አየሁ፣ ልክ ከፖዘቲቩ ራስ በላይ። ወዲያው ከአሮጌ የጎማ ካላማዳሪ ቆርጠን አለበስነው፣ ነገ ትክክለኛውን ፕላስቲክ ሽፋን ልፈልግ እሄዳለሁ። እናንተም ቮልስ ያላችሁ ዛሬ ማታ ወንበሩን አንስታችሁ እዩት እባካችሁ።

ቂርቆስ_ሰፈር

አሁን ወርጄ አየሁት። የእኔም የለውም። የጠቅታው ነገርም አለ፣ ቅዳሜ ቴስተር የሚያውሰኝ ሰው አለ?

ሰማያዊዋ

የእኔን ውሰድ። ሳሪስ አቦ አካባቢ ነኝ፣ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። ቁልፍ የሚያዞርልህ ሰው ከሌለም ወንድሜ ይመጣል።